ማንም ሳያየን ማን ነን?

(ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

እናቶቼና አባቶቼ፣ መምህራን፣ እናንተም ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

በእኛ አገር መንገድ ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሰላምታ የተለዋወጠ ሰው ቀጥሎ የሚጠብቀው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። ስም ብቻ መናገር አያሳልፍም። አባት ይጠየቃል፣ አያት ይጠየቃል፣ የእናት አገር ይጠየቃል፤ አንድ የሚታወቅ ስም ሲገኝ «አሃ፣ የእነ እገሌ!» ይባልና የሽማግሌው ፊት ይፈታል። ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ሽማግሌው የሚፈልገው እንግዳውን የሚያስጠጋበት ዘመድ ነው፤ ካገኘ ያሳድረዋል፣ ባያገኝም እህል ሳያቀምሰው አያሳልፈውም። ጥያቄው ግን አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። የማን ልጅ እንደሆንን፣ ምን እንደተማርን፣ ምን እንደምንሠራ፣ ስንት ቃዳ መሬት ወይም ስንት ካሬ ሜትር ቦታ እንዳለን ተናግረን ስንጨርስ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ሰው ማን ነው? ማንም በማያየን ሰዓት፣ ስማችንን የሚጠራ በሌለበት፣ ማን ነን?

ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው። ጉዳዩ ጥጋበኛ ሰው የሚያነሣው ወሬ እንዳይመስላችሁ። የምንኖርበት ጊዜ ሰውን በአንድ ቃል ጠቅልሎ መጥራት የቀለለበት፣ ያ አንድ ቃልም ሰውን የሚያስጠላበትና የሚያስጎዳበት ጊዜ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ራሱን በሐሰት ስም የሚያውቅ ሰው ሌላውንም በሐሰት ስም ይጠራል።

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ስም እንኳ ይዞ አይመጣም፤ ሌሎች ናቸው የሚያወጡለት። ወንዱ በአርባ ቀኑ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ የክርስትና ስም ይጨመርላቸዋል። ከዚያ በኋላ ማንም በሥርዓት ያላወጣቸው ስሞች ይከተላሉ። ጎበዝ፣ ሰነፍ፣ ጨዋ፣ ቀበጥ፣ የቤቱ ተስፋ፣ የቤቱ ጣጣ። ልጅ እነዚህን እየሰማ ያድጋል፤ ሲደጋገሙበትም ያምናቸዋል። ከሰው የተቀበልነው ሁሉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። ቋንቋችንንም፣ እምነታችንንም፣ ፍቅርንም የተቀበልነው ከሰው ነው። የምናገረው ከስሞቹ መካከል አንዳንዶቹ ሰውየውን ውጠው ስለሚያስቀሩት ነው።

ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራዋን፣ ቆዳ የሚያለፋውን ሰው አስቡ። ማረሻው ከእሱ እጅ ሳይወጣ ጎጃም ጤፍ አይዘራም፤ ምጣዱ ከእሷ እጅ ሳይወጣ እንጀራ አይጋገርም። ይህን እያወቅን ባለ እጁን «ጠይብ» ብለን ከማዕድ አራቅነው፤ «ቡዳ ነው» ብለን ልጃችንን ከፊቱ ሸሸግነው፤ በጋብቻም አንገናኝህም አልነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን በየመንደሩ ዛሬም ይሰማል። እኔን የሚያሳዝነኝ ደግሞ ከስድቡ በኋላ የሚሆነው ነው። ያ የባለ እጅ ልጅ ስድቡን እየሰማ ያድጋል፤ አንድ ቀን ከተማ ገብቶ፣ ተምሮ፣ ሥራ ሲይዝ የአባቱን ሙያ ይደብቃል። ሰው የለጠፈበትን ሐሰት ለመሸሽ ሌላ ሐሰት ይለብሳል። ማረሻ ሠርቶ አገር ያበላ አባት እያለው «አባቴ ነጋዴ ነበር» ይላል። በዚህ ልጅ አልፈርድም። ፍርዱ የሚደብቅበትን ምክንያት በሰጠነው በእኛ ላይ ነው።

ሙገሳውም ቢሆን ከስድቡ ብዙም የተሻለ አይደለም። ጎጃም ማዕረግ ሲወድ የኖረ አገር ነው። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ፤ ከሥራቸውም ደጃዝማቹ፣ ፊታውራሪው፣ ቀኛዝማቹ፣ ግራዝማቹ፣ ባላምባራሱ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ማዕረጉ ቀረ፤ ማዕረግ መውደዱ ግን አልቀረም፣ ስሙን ለወጠና «ዶክተር»፣ «ኢንጂነር»፣ «ኢንቨስተር» ሆነ። የትምህርት ማዕረግ በላብ የሚገኝ ነው፤ በክፍልና በሐኪም ቤት ሰው ቢጠራበት ተገቢ ነው። የሚያሳስበኝ ሰውየው ማታ ቤቱ ገብቶ ከልጆቹ ጋር ሲቀመጥም ማዕረጉን ማውለቅ ያቃተው እንደሆነ ነው። በላይ ዘለቀ በአርበኝነቱ ዘመን ለተከታዮቹ ማዕረግ ሲሰጥ «ለራስህስ?» ቢሉት፣ እናቱ ያወጣችለት ስም እንደሚበቃው መለሰ እየተባለ ይተረካል። ብዙ ሰው ይህን ሲተርክ የሚያደንቀው ኩራቱን ነው። እኔ ከታሪኩ የምሰማው ሌላ ነው፤ አገር ለመጠበቅ ዱር የገባ ሰው ልቡ ሥራው ላይ ስለነበረ ተጨማሪ ስም የሚጎድለው አልነበረም።

አሁን ወደ ልጆቻችን ልምጣ። ከሁሉ በላይ ማውራት የምፈልገው ስለነሱ ነው።

እንግዳ መጥቷል፤ ቡና ተፈልቷል። የስድስት ዓመቱ ልጅ ከውጭ ተጠርቶ ገብቶ እንግዳውን ይስማል። እጁ ጭቃ ነው፤ ከጓሮ በጭቃ የጀመራቸው በሬዎች አሉ፣ ቀንዳቸው አልተሠራም። «ጎበዝ! ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ይላል እንግዳው። ልጁ ለአፍታ ዝም ይላል፤ ልቡ ያለው ቀንዶቹ ጋ ነው። ከዚያ እናቱን ቀና ብሎ ያያል። ከእናቱ ፊት ላይ መልሱን ያነብና «ዶክተር» ይላል። ቤቱ በምርቃት ይሞላል። ይሳማል፣ ይታቀፋል፣ ብር ይሰጠዋል። የጭቃ በሬዎቹን ነገር የጠየቀ የለም። ልጁ ግን በዚያች ሰዓት አንድ ትልቅ ትምህርት ተምሮ ወጣ፤ ምን ሲል እንደሚወደድ። ማንም ክፉ አስቦ አላስተማረውም፤ ሁሉም የወደደው መስሎት ነው። ይህ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ግን ልጁ ከውስጡ የሚመጣለትን ትቶ የሰው ፊት ማንበብን ሙያው ያደርጋል።

እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ ዶናልድ ዊኒኮት እ.ኤ.አ. በ1960 ስለዚህ ጽፏል። ሕፃን ከራሱ ተነሥቶ እጁን ሲዘረጋ፣ ሲስቅ፣ ሲያጉረመርም፣ እናቱ ተቀብላ የምትመልስለት ከሆነ «እኔ» የሚለው ነገር በውስጡ ሥር ይሰዳል። እናት ይህን ማድረግ ሳትችል ቀርታ ሕፃኑ በተገላቢጦሽ የእሷን ፍላጎት እየተከተለ ለመኖር ሲገደድ፣ ዊኒኮት «ሐሰተኛው እኔ» ያለው ይበቅላል። እንዲህ ያደገ ሰው ሊሳካለት ይችላል፤ ሊመሰገንም፣ ሊከበርም ይችላል። በውስጡ ግን የሚኖረው እሱ እንዳልሆነ ይሰማዋል። ከዊኒኮት ሐሳብ ለኔ ትልቁ ይህ ነው፦ ሐሰተኛው እኔ የሚፈጠረው እውነተኛውን ከጉዳት ለመሸፈን ነው። ከለላ ሆኖ ነው የመጣው። ስለዚህ በራሳችን ላይ ስናገኘው ልንቆጣው አይገባም፤ የሸፈነውን ነገር አሁንም መሸፈን ያስፈልግ እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል።

የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት የተነገረ ጊዜ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ከተፈተኑት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተብሏል፤ መባልም አለበት። እኔ ግን ያሰብኩት ስለቀሩት ከ800 ሺህ በላይ ልጆች ነበር። እያንዳንዳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ በእንግዳ ፊት ሲናገሩት የኖሩት ስም ነበራቸው። ያ ስም በአንድ ቀን፣ ስልክ ላይ በታየ ቁጥር ወደቀ። ፈተና የወደቀ ሰው ያዝናል፣ ከዚያ ሌላ ነገር ይሞክራል። ማንነቱ የወደቀበት ልጅ ግን ከቤት አይወጣም፤ ከወጣም የሚያውቀው ሰው እንዳያገኘው በጓሮ መንገድ ይዞራል። ወላጆችም አብረን ወደቅን። የልጅ ውጤት የወላጅ ማዕረግ ሆኗልና፣ በዕድር ስብሰባ ላይ «ልጅህ እንዴት ሆነ?» ሲባል አንገቱን የደፋው አባት ከልጁ ያልተናነሰ ነው። ልጁ ደግሞ ይህን ያያል። የራሱን ሐዘን ትቶ የአባቱን አንገት መድፋት ይሸከማል።

እዚህ ላይ ወጣቶች በትክክል እንድትረዱኝ እፈልጋለሁ። «ራሴን መሆን አለብኝ» ብሎ በአፉ የመጣለትን ሁሉ በሰው ላይ የሚያፈስ፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው የማይነሣ፣ ቀጠሮ አፍርሶ «እኔ እንዲህ ነኝ» የሚል ሰው እውነተኛ ሆነ አይባልም። ለሽማግሌ መነሣት ማስመሰል አይደለም። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ድምፅ ዝቅ ማድረግም ማስመሰል አይደለም። እናት መሆን፣ መምህር መሆን፣ የዕድር ዳኛ መሆን የሰው ሥራ ነው፤ ሰውየው በሥራው ሰዓት ይዞት ሥራው ሲያልቅ የሚያስቀምጠው ከሆነ ማንንም አይጎዳም። ዊኒኮትም በጤናማ ሰው ዘንድ ይህ ነገር በትሕትናና በወግ መልክ እንደሚኖር ጽፏል። አባቶቻችን ለፉከራ እንኳ ቦታ ሰጥተውታል። «ዘራፍ» ያለ ሰው ዘሩን ይቆጥራል፣ የሠራውን ይናገራል፣ ይጨርስና ይቀመጣል። የሚያደክመው ቀኑን ሙሉ በልብ ሲፎክሩ መዋል ነው።

ይሉኝታ የምንለው ከዚህ ይለያል። አባቱ የሞተበት ገበሬ ለተዝካር በሬውን ይሸጣል፤ አልበቃው ሲል ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል። ለአባቱ ነፍስ ብቻ ቢሆን ጸሎቱም፣ ለድሀ የሚቆረሰውም በበቃ ነበር። «እገሌ አባቱን እንደ ውሻ ቀበረ» እንዳይባል ነው ይህ ሁሉ። በሚቀጥለው ክረምት በሬ ከሰው ለምኖ ያርሳል። የሠርጉም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሙሽሮቹ ኑሯቸውን የሚጀምሩት ለሰው ዓይን የተደገሰውን ዕዳ በመክፈል ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የምንለው እኛው ነን፤ የተበደርነውን ወርቅ አድርገን የምንታየውም እኛው ነን። ስልኩም ይህን አልፈጠረውም፤ ድሮ እስከ ጎረቤትና እስከ ዕድር ይደርስ የነበረውን ዓይን ወደማናውቃቸው ሰዎች አሰፋው እንጂ። ስለ ስልክ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እንዴት ይተዋል?

ብዙ ሰው የሚመክረው መታገልን ነው። ኩራትህን ግደል፣ ፍርሃትህን አሸንፍ ይላል። እኔ እንዳየሁት ሐሰተኛ ማንነት በትግል አይለቅም። የሚታገል ሰው «ኩራቱን ያሸነፈ ሰው» የሚል አዲስ ስም ያወጣና እሱን መጠበቅ ይጀምራል። ነገሩን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት፣ ይህ ማንነት የሚኖረው እኛ በሌለንበት ነው። ትናንት ምን አሉኝ፣ ነገ ምን ይሉኛል፣ እሷ ምን አስባ ይሆን፤ በእነዚህ ላይ ነው የሚቆመው። አሁን ፊታችን ያለውን ሰው በሙሉ ልብ ስንሰማ፣ እጃችን ላይ ያለውን ሥራ በሙሉ ልብ ስንይዝ የሚቆምበት ያጣል። ማባረር አያስፈልገውም። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። 2,250 አዋቂ ሰዎችን፣ አብዛኞቹ አሜሪካ የሚኖሩ፣ በስልክ መተግበሪያ ባልታሰበ ሰዓት እየጠሩ ይጠይቋቸው ነበር። አሁን ምን እየሠራህ ነው? ሐሳብህ ሥራው ላይ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? ምን ይሰማሃል? ከመልሶቹ በ46.9 በመቶው የሰዎቹ ሐሳብ ከሚሠሩት ነገር ላይ አልነበረም። ሐሳባቸው በሄደበት ሰዓት ደግሞ ደስታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ሥራው ደስ የማይል ሆኖ እንኳ ሐሳቡ ሥራው ላይ የነበረ ሰው ይሻል ነበር። ግማሹን ዕድሜያችንን በሌለንበት እንኖራለን ማለት ነው። ሌላው ቀርቶ አንዲት ጎረቤታችን ስለታመመ ልጇ ስታወራን፣ ገና ሳትጨርስ እኛ የራሳችንን ልጅ ሕመም ለመተረክ እንዘጋጃለን። እሷ የምትፈልገው የሚሰማት ሰው ነበር። አጠገቧ ብንቀመጥም እዚያ አልነበርንም።

ይህን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ያለነው በታወቁት የቅኔ ቤቶች፣ በእነ ዋሸራ፣ በእነ ጎንጅ፣ በእነ ደብረ ኤልያስ አገር ነው። የቆሎ ተማሪ ከአገሩ ወጥቶ ቅኔ ቤት ሲገባ የአባቱ ሀብት እዚያ አይከተለውም። የባለጸጋውም ልጅ፣ የድሀውም ልጅ ደበሎ ይለብሳል፣ አኩፋዳ ያንጠለጥላል፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል። የማን ልጅ እንደሆነ የሚያሳይበት ነገር የለውም።

ከዚያ ቅኔ ቆጠራው፣ ማለትም አዲስ ቅኔ በልብ ማውጣቱ፣ ይመጣል። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዳር ይቀመጣል። ደበሎውን እስከ ግንባሩ ይስበዋል። መጽሐፍ አልያዘም፣ ብዕርም የለም። ከንፈሩ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ዓይኑ ክፍት ቢሆንም ወደ ማንም አያይም። ጀማሪ ከሆነ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ለሁለት ቤት ረጅም ሰዓት ይቀመጣል። ቃል ይመጣለታል፤ ይጥለዋል፣ ያ ቃል ከሌላ ተማሪ የሰማው ነው። ሌላ ይመጣል፤ ቤት አይመታም። ረሃብ ይመጣል፣ አገሩ ይመጣበታል፣ እናቱ ትመጣበታለች። ሁሉንም እንዲያልፉ ይተዋቸውና ወደዚያች አንዲት ቃል ይመለሳል። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ የስንቱን ቅኔ ሰምተው ያስታውሳሉ፤ ከሰው የተወሰደ እሳቸው ፊት አያልፍም። የጎደለውን ያቀናሉ፣ ያላማረውን ይጥላሉ። ነገ ደግሞ ሌላ ይቆጠራል፤ የትናንቱ፣ የቱንም ያህል ቢደነቅ፣ ለዛሬ አያገለግልም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ «ራስህን ሁን» የሚል ትምህርት አልሰማሁም። ተቀመጥ፣ የሰው አትውሰድ፣ የራስህንም የትናንት አትድገም፤ ይኸው ነው። በዚህ ብቻ አንዱ ተማሪ ከሌላው የማይመሳሰል ቅኔ ያወጣል። የራሱ የሆነውን ፈልጎ አይደለም ያገኘው። የራሱ ያልሆነውን እየጣለ፣ ቁጭ ባለበት ቁጭ ብሎ ሲቆይ መጣለት።

ቅኔ ቤት ላልገባን እርሻው አለ። አራሽ በአንድ እጁ እርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ይዞ ዓይኑን ከበሬዎቹና ከትልሙ አያነሣም። ሐሳቡ ወደ ትናንቱ ሽምግልና ወይም ወደ ነገው ገበያ የሄደ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ ማረሻው ትልሙን ይስታል፣ ያልተነካ መሬት ይቀራል፣ ሲብስም የማረሻው ጫፍ የበሬውን እግር ይወጋል። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ያለው ገበሬ ይህን በእጁ ያውቀዋል። ይህን ስል ድካምንና ድህነትን ማሞገሴ አይደለም፤ የእርሻ ኑሮ ስንት ጭንቀት እንዳለበት ከእናንተ መካከል የማያውቅ የለም። የምለው፣ በሙሉ ልብ መገኘትን እጃችን ቀድሞ ያውቀዋል ነው። ጤፍ ስታበጥር ሰፌዱን የምትነቀንቅ እናት ያን ጊዜ ማን ምን እንደሚላት አታስብም፤ ብታስብ ጤፉ ከእብቁ አይለይላትም።

መተው ግን ያማል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ልክ አይሆንም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት መነኩሴ ሲመነኩስ ለሙታን የሚነበበው ግንዘት ይነበብለታል። የቀድሞ ርስቱ፣ ዘሩ፣ ማዕረጉ እንደሞተ ይቆጠራል። አባቶች ስም መተው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ስላወቁ የሞት ያህል ሥርዓት ሠሩለት። እኛ በዓለም የምንኖር ሰዎች ቆብ አንደፋም፤ የያዝነው ስም ሲወድቅ ግን ሐዘን ይደርስብናል፣ ለዚያ ሐዘን ደግሞ ድንኳን የሚተክል የለም። ጡረታ የወጣ መምህር ጠዋት ተነሥቶ የሚሄድበት ያጣል። ከአረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች ልጅ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ስትባል ትውላለች። ሱቁ የተዘጋበት ነጋዴ በዚያ በኩል ማለፍ ይተዋል። እነዚህን ሰዎች «አይዞህ፣ ምንም አይደል» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ምንም አይደል የሚባል አይደለምና። አጠገባቸው መቀመጥ፣ ስለ ሌላው ነገር ማውራት፣ ሥራ ሲኖር መጥራት ያስፈልጋል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

በየዕለቱ ምን ይደረግ ለምትሉኝ፣ ብዙ ነገር አልደረድርም። ገንዘብ ልታወጡ ስትሉ፣ «ማንም ባያይ ይህን አደርገው ነበር?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ መልሱ «አዎ» ከሆነ ደግሞ በደስታ አድርጉት። ሰው ሲያናግራችሁ እስኪጨርስ ስሙ፤ መልሱ ቢዘገይ ችግር የለውም። ቡናችን እስከ በረካ የሚቆየው ሰው ለሰው እንዲገኝ ይመስለኛል፤ ከሦስቱ ስኒ አንዱን እንኳ ስልክ ሳታወጡ ጠጡት። ስለ ራሳችሁ ለመናገር ልባችሁ ሲነሣ፣ የሠራችሁትን፣ የልጃችሁን ውጤት፣ የዘመዳችሁን ሹመት ለማንሣት ምላሳችሁ ሲያሳክካችሁ፣ አትከልክሉት፤ ብቻ ሲነሣ እዩት። ከታየ ብዙ ጊዜ ራሱ ይቀመጣል።

ንግግሩ ካበቃ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱን እዚህ ልጨምር። አንዲት እናት ተነሥተው፣ ልጃቸው ፈተናው ካልተሳካለት ወዲህ ከክፍሉ እንደማይወጣ፣ ሰው ሲመጣም በሩን እንደሚዘጋ ተናገሩና «ምን ልበለው?» ብለው ጠየቁኝ።

የመለስኩላቸው ይህን ነው። እናቴ፣ ለጊዜው ምንም አይበሉት። ሥራ ይዘዙት፤ በቆሎ ይፈልፍል፣ አጥሩን ይጠግን፣ ገበያ አብሮዎት ይሂድ። ለቅጣት እንዳይመስለው እርስዎም አብረውት ይሥሩ። ስለ ውጤት የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ የሆነውን ብቻ ይንገሩ፤ «ደህና ነው፣ ዛሬ ከኔ ጋር በቆሎ ሲፈለፍል ዋለ» ይበሉ፣ ልጁ ከውስጥ ሆኖ ይሰማል። ስለ ነገ እርስዎ አያንሡበት፤ ሲደርስ ራሱ ያነሣዋል። ያን ጊዜ መካኒክ እሆናለሁ ቢል፣ እንደገና እፈተናለሁ ቢል፣ ምን እንደምሆን አላውቅም ቢልም፣ ፊትዎ ቶሎ እንዳይለወጥ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያነብ የኖረው እሱን ነው። እህል ከተወ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ወይም መኖር አስጠልቶኛል የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ግን ሌላ ነገር አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

እሳቸውም የልጁ አጎት ለበዓል ከአዲስ አበባ እንደሚመጡና መጀመሪያ የሚያነሡት ይህንኑ እንደሆነ ነገሩኝ። ከመምጣታቸው በፊት ደውለው፣ ስለ ፈተናው እንዳያነሡበት ሊለምኗቸው ተስማማን።